የሞዛርት የክርስትና ስም ዮሐንስ አፈወርቅ ነበር፦ ስለ ጀርመን ወንድ ስሞች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ በሦስት ሰው በኩል ደረሰኝ። የመጨረሻዋ ላኪ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ከሥሩ በድምፅ «ይቺን አንብባትና ለልጅቷ ንገርልኝ፤ እኔንማ አልሰማም ብላለች» ብላለች። ልጅቷ የምትለው ልጇን ነው። ፍራንክፈርት ትኖራለች፣ ባሏ ጀርመናዊ ነው፣ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸው ሊወለድ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ባልየው የአያቱ ስም እንዲቀጥል ፈልጓል፤ አያቱ ቮልፍጋንግ ይባሉ ነበር። እህቴ ትርጉሙን ጠየቀች፣ ቮልፍ ማለት ተኩላ እንደሆነ ነገሯት፣ አለቀ። «ስንት የመልአክ ስም እያለ ተኩላ? ለሕፃን?»

ጽሑፉ ጀርመን አገር ለሚወልዱ ሐበሻ ወላጆች የተጻፈ ምክር ነው። የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የጀርመን ወንድ ስሞች ወይ ጦር ወይ አውሬ ናቸው፣ ከአረማውያን ዘመን ስለመጡም ለክርስቲያን ልጅ አይሆኑም፤ ስም ትርጉሙን ይዞ ልጁ ላይ ያድራል፤ ስሞቹ የሂትለርን ዘመን ያሸታሉ፤ መንግሥት ደግሞ ከራሱ ዝርዝር ውጭ ያለ ስም አይመዘግብም፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ ውስጥ ጀርመንኛ ያልሆነውን፣ ኖኅን ወይም ኤልያስን መርጣችሁ አምልጡ። መሐል ላይ «ንጹሕ የጀርመን ስሞች» የሚል ሠንጠረዥም አለው። ጸሐፊው ክፉ ያሰበ አይመስለኝም። ግን ከጻፈው ግማሹ ስሕተት ነው፤ የቀረው ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ያለቦታው የተሰካ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ከጦርና ከአውሬው ልነሳ። ጌርሃርድ ውስጥ ጦር አለ፣ በርንሃርድ ውስጥ ድብ፣ ሩዶልፍ ጭራው ላይ ተኩላ። ሉድቪግ ዝናና ውጊያ ነው፣ ጉንተር ውጊያና ሠራዊት። ይህን አልክድም። ግን እዚያው አጠገብ ፍሪድሪሽ ውስጥ ሰላም፣ ኮንራድ ውስጥ ምክር፣ አልብሬሽት ውስጥ ብርሃን፣ ሃይንሪሽ ውስጥ ቤት እንዳለ ጸሐፊው አልነገረንም። ደግሞስ ስለ ጦር ስም የሚናገረው ማን ሆኖ ነው? ናደው፣ ደምሰው፣ አሸብር፣ በላቸው፣ ግዛቸው እያልን ልጅ የምንጠራው እኛ አይደለንም እንዴ? እኔ የማውቀው ደምሰው ዝንብ አይገድልም። ናደው የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ሥራው ግንበኝነት ነው። አፄ ዮሐንስን የሚያህል መንፈሳዊ ንጉሥ የፈረስ ስሙ አባ በዝብዝ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ክርስትናውን የተጠራጠረ ሰው አልሰማሁም።

አረማዊ የሚለው ክስ ደግሞ ታሪኩን ያላየ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አክሱም ላይ ወንጌል በሰበኩበት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ለጀርመናዊው ነገድ ለጎቶች በቋንቋቸው የተረጎመው ጳጳስ ስሙ ዉልፊላ ነበር። ትርጉሙ ትንሹ ተኩላ ነው። (አርዮሳዊ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው፤ የስሙ ጥፋት ግን አይደለም።) ቮልፍጋንግ ራሱ የቅዱስ ስም ነው፤ በ994 ያረፈው የሬገንስቡርግ ጳጳስ ነው። በሮም ጳጳስ አዋጅ ቅዱስ ተብሎ የተሰየመ የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ መልሱ ዑልሪሽ ነው፤ የአውግስቡርጉ ጳጳስ፣ በ993። ስሙ ርስትና ገዥ ከሚሉ ሁለት የጥንት ጀርመንኛ ቃላት የተገጠመ ነው። በአንጻሩ ማርቲንን እንይ። ጸሐፊው «ጥሩ ክርስቲያናዊ ስም» ብሎ መርቆታል። ሉተር በ1483 ተወልዶ በማግስቱ፣ በቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ ተጠመቀና ማርቲን ተባለ፤ ልክ እኛ የዕለቱን ቅዱስ እንደምንሰጠው። ስሙ ግን የሚመዘዘው ከማርስ ነው፣ ከሮማውያን የጦርነት ጣዖት። እንግዲህ ጣዖቱ ያለው በየትኛው ስም ውስጥ ነው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ጀርመን ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በገዛ ቋንቋቸው የጸሎት ስም ያወጡ ነበር፦ ትራውጎት፣ በእግዚአብሔር ታመን፤ ፉርሽተጎት፣ እግዚአብሔርን ፍራ፤ ሌበሬሽት፣ በቀና መንገድ ኑር። እህቴ እነዚህን ብትሰማ ሳትወድ አትቀርም፤ ጀርመኖቹ ግን ዛሬ ሲሰሟቸው ይስቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጸሐፊው «ቮልፍጋንግ ማለት የተኩላ መንገድ ማለት ነው» ብሎ ይተረጉምና ከዚያ «የተኩላ መንገድ የሚሄድ ልጅ» ብሎ ይሰብካል። ቮልፍ ተኩላ መሆኑ፣ ጋንግ አካሄድ መሆኑ ልክ ነው። ሁለቱን በአገናዛቢ አያይዞ «የተኩላ» ማለቱ ግን የእኛን ሰዋስው ለእነሱ ማልበስ ነው። ገብረ መድኅን ስንል የመድኅን አገልጋይ ማለታችን ነው፣ ኃይለ ሥላሴ ስንል የሥላሴ ኃይል። ሁለቱ ቃላት በሰዋስው ተሳስረው አንድ ሐሳብ ይሰጣሉ። የጥንት ጀርመናውያን ስም አወጣጥ እንዲህ አልነበረም። ከተወሰኑ የተከበሩ ቃላት አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ይገጥማሉ። መግጠሚያው ብዙ ጊዜ ዝምድና ነው እንጂ ትርጉም አይደለም።

ይህን በደንብ የሚያሳየኝ አንድ የእንግሊዝ ጳጳስ ነው፤ የጥንት እንግሊዞችም በስም አወጣጥ የጀርመኖቹ ወንድሞች ናቸው። እናቱ ዉልፍጊፉ ትባል ነበር፣ አባቱ ኤትልስታን። ከእናቱ ዉልፍን፣ ከአባቱ ስታንን ወሰዱና ዉልፍስታን አሉት። እንተርጉመው ካልን «ተኩላ ድንጋይ» ይወጣል። ወላጆቹ ግን ስለ ተኩላም ሆነ ስለ ድንጋይ አላሰቡም፤ የእናቱና የአባቱ ልጅ ነው ማለታቸው ነበር። በ1203 ቅዱስ ተባለ፤ ተኩላ ድንጋይ። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን በተረፈ አንድ የጥንት ጀርመንኛ ግጥም ውስጥም አያት ሄሪብራንድ፣ አባት ሂልደብራንድ፣ ልጅ ሃዱብራንድ ይባላሉ። ጀርባው አንድ ነው፣ ፊቱ በየትውልዱ ይለወጣል፣ የሦስቱም መነሻ ድምፅ ሀ ነው። የሚሰማ ሰው የማን ዘር እንደሆኑ ወዲያው ይገባዋል። የአባት ስም በሌለበት አገር የአባትን ስም ሥራ የሚሠራው ይህ ነበር።

የጸሐፊው ስሕተት ከየት እንደመጣ እዚህ ላይ የገባኝ መሰለኝ። እኛ አዲስ ስም ስንሰማ «ምን ማለት ነው?» እንላለን፤ ልክም ነን፣ የእኛ ስም ይናገራላ። ምትኩ ከተባለ ከፊቱ የሞተ ልጅ አለ፣ ካሳ ከተባለ የተካሰ ሐዘን አለ፣ ይበልጣል ከተባለ የሚበለጥ ሰው ታስቧል። ጀርመኑ ግን «የማን ስም ነው?» ነው የሚለው። የአያቱ ነው፣ የክርስትና አባቱ ነው፣ የንጉሡ ነው። ቮልፍጋንግ የሚባል ጀርመናዊ ተኩላን የሚያስበው ምናልባት ትምህርት ቤት ሲቀልዱበት ነው።

ቅርብ ምሳሌ ካስፈለገ ሁላችንም የምናውቃቸው ካርልሃይንዝ ቦም አሉ፤ በ1981 ሰዎች ለሰዎችን መሥርተው ለረጅም ዓመታት ለኢትዮጵያ የደከሙት። ካርል በጥንቱ ነጻ ሰው ወይም ወንድ ማለት ነው፣ ሃይንዝ የሃይንሪሽ ቁልምጫ ነው። አንድ ላይ ሲተረጎሙ ምንም አይሰጡም። ነገር ግን አባታቸው ታዋቂው የሙዚቃ መሪ ካርል ቦም ነበሩ። ካርል ከአባት፣ ሃይንዝ ደግሞ እሳቸው በተወለዱበት በ1920ዎቹ ልጅ ሁሉ ላይ የሚለጠፍ የዘመኑ ስም። ሙሉው ትርጉም ይኸው ነው። ስለ ካርል ካነሣን አይቀር፣ በ814 ያረፈው ንጉሥ፣ ሻርለማኝ የሚባለው ታላቁ ካርል በጣም ከመግነኑ የተነሣ ስሙ በጎረቤት ቋንቋዎች «ንጉሥ» የሚል ተራ ቃል ሆኖ ቀርቷል፦ ቼኮች ክራል፣ ፖላንዶች ክሩል፣ ሩስያውያን ኮሮል፣ ሀንጋሪዎች ኪራይ ይላሉ። ቄሣር በእኛ አፍ እንደሆነው መሆኑ ነው።

ስም ልጁ ላይ ያድራል ለሚለው፣ አዎ፣ አንዳንዴ ያድራል። የሚያድረው ግን ከትርጉሙ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። በ1991 ጀርመን ውስጥ ለወንድ ልጅ በብዛት የወጣው ስም ኬቪን ነበር፤ የአየርላንድ ስም ነው፣ ተኩላም ጦርም የለበትም። በ2009 ኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተሠራ ጥናት መምህራን ስለ ተማሪ ስም ሲጠየቁ ግን ኬቪን የሚለውን ገና ሲያዩት ረባሽ ይሆናል ብለው የሚጠብቁ ብዙ ሆነው ተገኙ። ለእህቴ የነገርኳት ይህንን ነው፦ ልጁን በስሙ የሚጎዳው ቢኖር የክፍል መምህሩ ነው እንጂ ተኩላው አይደለም።

«ንጹሕ የጀርመን ስሞች» የተባለው ሠንጠረዥ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አንደኛ ሃንስ፣ ሁለተኛ ክላውስ፣ ሦስተኛ ዩርገን። ሃንስ ዮሐንስ ነው። ክላውስ ኒቆላዎስ ነው። ዩርገን ደግሞ ጊዮርጊስ ነው፤ የሰሜን ጀርመን ሰዎች ምላስ ላይ ሲንከባለል ቆይቶ እንዲህ ሆነ እንጂ ያው ፈረሰኛው ሰማዕት ነው። ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የቅዱሳን ስሞች የአገሬውን ስሞች እያጥለቀለቁ መጡና፣ ሃንስ ጀርመናዊ ሁሉ የሚጠራበት ያህል በዛ። ከዚያ በፊት እንዲህ በዝተው የነበሩት ሃይንሪሽና ኮንራድ ናቸው፤ ነገሥታቱ ደጋግመው ስለተጠሩባቸው። እኛ «እከሌ ከእከሌ ሳይባል» በምንልበት ቦታ ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ሂንዝና ኩንዝ» ይላሉ፤ የሁለቱ ቁልምጫ ነው።

ከዚሁ ሠንጠረዥ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን ዲትሪሽ ነው። ጸሐፊው «ዲትሪሽ የጀርመኖቹ ቴዎድሮስ ነው» ይላል። ጆሮ ላይ ይመስላል፤ ግን ዝምድና የላቸውም። ቴዎድሮስ ግሪክ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ። ዲትሪሽ ሕዝብና ገዥ ነው፤ «ዲት» ያለው ጀርመኖች ራሳቸውን ዶይች ከሚሉበት ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ስሕተቱ ጥንታዊ ነው፤ ጣሊያንን ይገዛ የነበረውና በ526 የሞተው የጎቶች ንጉሥ በላቲን ሲጻፍ ወደ ግሪኩ ተጠግቶ ቴዎዶሪክ ስለተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ ይሳሳታል። የጀርመን ተረቶች ግን ያንኑ ንጉሥ ዲትሪሽ ነው የሚሉት፤ ፈረንሳዮች ስሙን ቲዬሪ አድርገውታል።

በተቃራኒው «እንግሊዝኛ ስለሆኑ ይሻላሉ» ተብለው የተመከሩት ዊልያም፣ ሄንሪ፣ ሮበርትና ሪቻርድ ጀርመናዊ ናቸው። ከፈረንሳይ የተሻገሩት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ይዘዋቸው ገቡ። ዊልያም ቪልሄልም ነው፣ ሄንሪ ሃይንሪሽ ነው። የስፔኖቹ ፈርናንዶና ሮድሪጎ ሳይቀሩ ጎቶች ጥለዋቸው የሄዱ ናቸው። ከጀርመን ስም ሸሽቶ ሄንሪ ማለት ከፊት በር ወጥቶ በጓሮ መግባት ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1624 ኤርፉርት ተወለደ፤ በ1652 ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ከተማ አስጠርቶ ግእዝና አማርኛ ከእሳቸው ተማረ፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳተመ፤ ያውም እዚችው የእህቴ ልጅ ያለችበት ፍራንክፈርት። ሂዮብ ማለት ኢዮብ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ ድሮ የወንድ መጠሪያ የነበረ፣ ኋላ የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረ ነው፤ ጭራው ላይ ተኩላ አለ። ቋንቋችንን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ሰው ኢዮብና ተኩላን አንድ ላይ ተሸክሞ ኖሯል።

ሂትለርን በተመለከተ አንድ ስም ላይ እስማማለሁ። አዶልፍ ድሮ እንደ ማንም ተራ ስም ነበር፤ በ1900 የተወለደው ጫማ ሠሪ አዶልፍ ዳስለር፣ አዲ ሲሉት ኖረው አዲዳስ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። ከ1945 በኋላ አዶልፍ ከመዝገቡ የጠፋ ያህል ሆነ፤ ማንም አይመልሰው። ከዚህ ተነሥቶ ዚግፍሪድን፣ ዲትሪሽን፣ ቮልፍጋንግን ሁሉ «የናዚ ስም» ማለት ግን የተበደሉትን ሰዎች ስም ለበዳዮቻቸው መስጠት ነው። ዚግፍሪድና ዚግሙንድ በጀርመንና በኦስትሪያ አይሁዶች ዘንድ የተለመዱ ስሞች ነበሩ፤ የሥነ ልቦናውን ሐኪም ዚግሙንድ ፍሮይድን ማስታወስ ይበቃል። አይሁዳዊው ሉድቪግና ክርስቲያኑ ሉድቪግ በስም አይለዩም። ናዚዎቹን ያንገበገባቸውም ይኸው ነበር፤ በነሐሴ 1938 ድንጋጌ አውጥተው «አይሁዳዊ» ብለው በዘረዘሩት ስም የማይጠራ አይሁዳዊ ወንድ ሁሉ ከጥር 1939 ጀምሮ እስራኤል የሚል፣ ሴቷ ሣራ የሚል ተጨማሪ ስም እንዲይዙ አስገደዱ። ዲትሪሽ የሚባል ሰው ካስፈለገ ደግሞ ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር አለ፤ ሂትለርን ተቃውሞ በሚያዝያ 1945 ፍሎሰንቡርግ ካምፕ ውስጥ የተሰቀለው።

እንግዲህ መንግሥት የስም ዝርዝር ያወጣው ያኔ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። የክብር መዝገብ ሹሙ የሚያየው ስሙ ልጁን የሚጎዳ ወይም የሚያዋርድ አለመሆኑን ነው። ድሮ ስሙ ጾታን ካላሳየ ሁለተኛ ስም ጨምሩ ይሉ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2008 በአንዲት ሕፃን ጉዳይ ያንንም አነሣው። ታምራትም በሉት ናደው፣ ትርጉሙንና የሰው ስም መሆኑን በጨዋ ደንብ ካስረዳችሁ ይመዘግባሉ።

የመጨረሻው ምክር፣ ኖኅና ኤልያስ። የማምለጫ መንገድ ተብለው መቅረባቸው ነው የገረመኝ። ቪስባደን ያለው የጀርመን ቋንቋ ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር የወንዶቹን አንደኛ ቦታ ኖኅ ለተከታታይ ዓመታት ይዞታል፤ ከሥሩ ማቴዎስ በጣሊያንኛው፣ ኤልያስ፣ ጳውሎስ፣ ሉቃስ እየተፈራረቁ ይከተላሉ። ልጄን መዋለ ሕፃናት ሳደርስ የኮት መስቀያዎቹ ላይ የተለጠፉትን ስሞች አነባለሁ፦ ኖኅ፣ ዮናስ፣ ኤልያስ፣ ሌላ ኖኅ፣ ያዕቆብ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ነው የሚመስለው፤ አባቶቻቸው ግን አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ልጁን ኖኅ ያለ ሰው ከጀርመን ስም አላመለጠም፣ መሐሉ ገባ እንጂ።

ለእህቴ ይህን ሁሉ በስልክ አላልኳትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የነገርኳት። ሞዛርትን ታውቀዋለች፤ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ለሕፃኑ ጥሩ ነው ብላ ሙዚቃውን የላከችው እሷው ናት። በጥር 1756 ዛልስቡርግ ሲጠመቅ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም ዮሐንስ አፈወርቅ ቮልፍጋንግ ቴዎፍሎስ የሚል ነው። የተወለደበት ቀን በእነሱ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዓል ስለነበረ ዮሐንስ አፈወርቅ፤ ቴዎፍሎስ የክርስትና አባቱ ስም፤ አማዴዎስ የሚባለው የዚሁ የላቲኑ አቻ ነው። ቮልፍጋንግ ግን የእናቱ አባት ስም ነበር።

እህቴ ዝም አለች። ከዚያ «አፈወርቅ?» አለች።

«አፈወርቅ።»

«ታዲያ እነሱ እሱን አስቀርተው ተኩላውን ያዙ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ልጁ ተወለደ፤ የክብር መዝገብ ቤት ውስጥ ሴትዮዋ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ቮልፍጋንግ ብላ ጻፈች። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ፤ ቄሱ ወልደ ገብርኤል አሉት። እህቴ ለአራስ ጥሪ መጥታ ስለነበር ከዚያን ቀን ጀምሮ ወልዴ ነው የምትለው። የባልየው አባት ወልዴ ስትል ሲሰሙ የአባታቸውን ስም በሐበሻ አፍ ያቆላመጠች መስሏቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አሁን እሳቸውም ቮልዴ ይሉታል። ማንም እስካሁን አላረማቸውም።